ከአዲስ አበባ እስከ አልዌሮ ግድብ፤ ስለ መንገዱ ርቀትና ስለ አይሮፕላን ሰዓት

በፍርድ ቤት በመዝገብ ጽሕፈት ሥራ የሚውል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚለምደው ቀን መቍጠርን ነው። ባለጉዳዩ ከጠረጴዛችን ፊት ቀርቦ ስሙንና የአባቱን ስም ከጻፍን በኋላ «አገርህ ወዴት ነው?» ብለን እንጠይቀዋለን፤ ይህንንም የምንጠይቀው ለወግ ያህል ሳይሆን ቀጠሮው ሲቈረጥ መንገዱ እንዲታሰብለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ያህል ስንኖር ደጋግመን ያየነው ነገር ቢኖር፤ ከሩቅ የሚመጣው ሰው በቀጠሮው ዋዜማ ደርሶ ከአጥሩ ሥር ሲያድር፤ ከፍርድ ቤቱ ጓሮ የሚኖረው ግን ረፍዶበት እየሮጠ ሲገባ ነው። እንግዲህ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ ነገር እንዳልሆነ ከማንም ይልቅ እኛ ልናውቀው ይገባን ነበር። ነገር ግን አላወቅነውም፤ ወይም አውቀን ዝም አልን። ክቡራን አንባቢዎች ከዚህ በታች የምንጽፈውን አይተው ይፍረዱ።

አስቀድመን ስለ መንገዱ እንናገር። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፤ ጥቂትም ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፤ በባሮ ወንዝ ዳር ያለ ከተማ ነው። ከቦሌ እስከ ጋምቤላ የአይሮፕላን ማረፊያ በአየር ላይ ቀጥ ያለ ገመድ ቢዘረጋ ርዝመቱ 475 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በምድር ግን እንዲህ ያለ ገመድ የሚዘረጋበት ስፍራ የለም። በመኪና የሚሄድ ሰው በጅማ ወይም በነቀምቴ በኩል አድርጎ በደሌ ይገባል፤ ከበደሌ መቱ፤ ከመቱ ጎሬ ይደርሳል፤ ከጎሬም ወዲያ የደጋውን ጫፍ ለቆ በጠመዝማዛ ቍልቍለት ወደ ቆላው ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲደመር ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአውቶቡስ የሚሄደው መንገደኛ በመንገድ ላይ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ዝናም የጣለ ወይም መኪናው የተበላሸ እንደ ሆነ ደግሞ ማደሪያው ሁለት ይሆናል።

ነገሩን ከውጭ አገር ጋር ብናስተያየው ይበልጥ ይገለጣል። በኢጣሊያ አገር ከሮማ እስከ ሚላኖ ያለው የአየር መንገድ እንደዚሁ 475 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አይሮፕላንም በዚያም በዚህም የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ያለፈ ነው። በምድር ሲሆን ግን ከሮማ በፈጣኑ ባቡር የተሳፈረ ሰው በሦስት ሰዓት ያህል ሚላኖ ይገባል፤ ቁርሱን በአንዲቱ ከተማ በልቶ ምሳውን በሌላይቱ ይበላል። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የተነሣው የእኛ መንገደኛ በዚያው በሦስት ሰዓት ውስጥ ገና የጊቤን በረሃ ቍልቍል እያየ ነው። በሰማይ እኩል የሆኑት ሁለት መንገዶች በምድር ሲወርዱ እንዲህ ይለያያሉ። ለሮማ ሰው አይሮፕላን ከባቡር ጋር አማርጦ የሚይዘው ነገር ነው፤ ለጋምቤላ ሰው ግን ሁለት ቀን ሙሉ የሚመልስለት ነው።

የአይሮፕላን ሰዓት ሲባልም በውስጡ የሚያታልል ነገር አለበት። እኛ በሄድን ጊዜ የተሳፈርንበት ኪው 400 የሚባለው፤ ሁለት ሞተርና ሁለት ፕሮፔለር ያለው፤ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች የሚይዝ ነበረ። ይህ አይሮፕላን በከፍታ ላይ ሆኖ ሲገሠግሥ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ መንገዱን በሦስት ሩብ ሰዓት ሊጨርሰው በተገባ ነበር። ነገር ግን የሚነገረው ሰዓት አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። ምክንያቱም ሰዓቱ የሚቈጠረው አይሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ በምድር ላይ ቀስ እያለ ወደ መነሻው መስመር ከሚሄድበት ጊዜ ጀምሮ፤ ወርዶ ተመልሶ እስኪቆም ድረስ ስለ ሆነ ነው። ሲወጣም በልኩ፤ ሲወርድም በልኩ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፤ ወደዚያ የሚሄድ አይሮፕላን የሚወርደው ከወጣው ይበልጣል። ነፋስ ከፊት የመጣበት እንደ ሆነ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርበታል።

አባቶቻችን ይህን ደቂቃ በደቂቃ የምንከራከርበትን ነገር ቢሰሙ ይሥቁብን ነበር። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የምድር ባቡር ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበረ፤ ይኸውም እስከ ጋምቤላ በመኪና ከሚሄዱት መንገድ ጋር የሚቀራረብ ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ መንገደኛው ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስት ቀን ሲደርስ እንደ ተአምር ተቈጠረ። በ1921 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የመጀመሪያው አይሮፕላን በአዲስ አበባ ሲያርፍ ሕዝቡ ለማየት ሜዳውን ሞላው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ።

የጋምቤላ መንገድ ግን ከአይሮፕላንም ከመኪናም በፊት የውሃ መንገድ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ቆመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በበጋ ውሃው ሲጐድል መርከብ አይደርስም። እንግዲህ ለዚያን ዘመን የጎሬ ነጋዴ ካርቱም በነሐሴ ቅርብ፤ በጥር ሩቅ ነበረች ማለት ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ነገር ከጊዜ በኋላ ቀረ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ከመጽሐፍ ነው። አሁን ከመጽሐፍ ወዳልተማርነው እንመለስ።

የተወለድነው በወሎ በደላንታ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ አገሩን በያዘ ጊዜ እኛ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርን። አባታችን በዚያው ዓመት ሞተ፤ ታላቅ እኅታችንም ከባሏና ከታዘለ ልጇ ጋር ለሰፈራ ተጽፋ ወደ ጋምቤላ ሄደች። ወድዳ ነው ወይስ ተገድዳ ብለው የሚጠይቁን ሰዎች አሉ፤ በዚያ ዓመት በወሎ እህል ለሌለው ሰው ሁለቱ ቃላት ብዙ አይለያዩም ነበር። እናታችን እኛን ይዛ በአያታችን ቤት ቀረች። ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቈጥረን ዳዊት ከደገምን በኋላ ዕድል ገጥሞን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባን።

በዚያ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህራችን በካርታ ላይ ርቀት በክር መለካትን አስተማሩን። ክሩን ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ዘርግቶ፤ ከካርታው ግርጌ ካለው መስፈሪያ ጋር ማስተያየት ነው። እኛም ከደላንታ እስከ ጋምቤላ ለክተን ክሩን ቈርጠን ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ለእናታችን ሰጠናት። አንድ ጣት የማትሞላ ክር ናት። «እትዬ ያለችው ይህን ያህል ርቃ ነው» አልናት። እናታችንም «ይህችው ናት?» ብላ ሣቀችና ክሩን በጣቷ ጠቀለለችው። እንደ ልጅነታችን መልካም ነገር ያደረግን መስሎን ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሰፈራ ብዙ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። እናታችን ከመንገድ ዳር እየወጣች ስንት ቀን ተቀመጠች! ከተመለሱት አንዱ እኅታችን በሕይወት እንዳለች፤ አቦቦ በሚባል ስፍራ በአልዌሮ ግድብ አጠገብ እንደምትኖር፤ ባሏም ግድቡ ሲሠራ በቀን ሠራተኝነት ተቀጥሮ እንደ ነበር፤ ማሳና ልጆች ስላሏቸው እንደማይመለሱ ነገራት። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ደብዳቤ፤ ቈይቶም ስልክ ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ እጃችን ይከብዳል። በ2006 ዓ.ም. እናታችን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ቤት ሦስት ወር ተቀመጠች። ጕልበቷን ሲሻላት አንድ ቀን ማታ እራት ቀርቦ ሳለ «ጋምቤላ ስንት ቀን ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችን። ምን ማለቷ እንደ ሆነ ገብቶናል። እኛም ሁለት ቀን እንደሚሄድ፤ መንገዱ ጠመዝማዛና አቧራ እንደ ሆነ፤ አገሩም ሙቀቱና ወባው ለሽማግሌ ሰው እንደማይስማማ ዘርዝረን ነገርናት። የተናገርነው ሁሉ እውነት ነበረ። ስለ አይሮፕላኑ ግን አልነገርናትም። የቲኬቱን ዋጋ አስቀድመን ጠይቀን ነበር፤ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ሲሆን ከወር ደመወዛችን በብዙ ይበልጣል፤ የቤት ኪራይና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያም ነበረብን። «ለፋሲካ እናየዋለን» ብለን በልባችን አሳደርነው። ፋሲካው መጣ፤ ሄደ። እናታችንም «ከራቀስ ይቅር፤ በስልክም ድምፅዋን ሰምቻለሁ» ብላ ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2009 ዓ.ም. በደላንታ ዐረፈች፤ እኅታችንም ሞቷን በሦስተኛው ቀን በስልክ ሰማች። ለቀብሩ ልትደርስ አልቻለችም።

በ2015 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የእኅታችን ባል መሞቱ ተነገረን። ለእናታችን ቀብር እርሷ ሳትደርስ ቀርታለች፤ ለባሏ ኀዘን እኛ ሳንደርስ ብንቀር ደግሞ ምን ይባላል? ከሥራ ፈቃድ ጠይቀን ጥር ሲገባ ተነሣን። በዚህ ጊዜ ዋጋውን ሳንጠይቅ ቲኬቱን ገዛን፤ ከገዛን በኋላ ግን ተቀምጠን አሰብነው።

ከቤታችን የወጣነው ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ነበር። በቦሌ ፍተሻውና ወረፋው ሰዓት ይፈጃል። አይሮፕላኑ ሲነሣ ጧት 2 ሰዓት ሆነ። በመስኮት ስናይ በመጀመሪያ አዝመራው የተሰበሰበበት የሸዋ ማሳ ብጫ ሆኖ፤ በየስፍራው የጤፍ ክምር እየታየ አለፈ፤ ቀጥሎ ተራራና ጥልቅ ሸለቆ ሆነ፤ ከዚያ በኢሉባቦር በኩል ጥቍር የሚመስል አረንጓዴ ደን ብዙ ጊዜ ከታች ተዘርግቶ ቈየ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጥተውን ጠጥተን ሳንጨርስ ቀበቷችሁን እሰሩ ተባለ። ደጋው በድንገት ተቈርጦ ቀረና ሜዳ ብቻ ሆነ። ሰዓታችንን ብናይ 3 ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ነው።

ብርድ ነው ብለን ካፖርት ለብሰን ሄደን ነበር። በሩ ሲከፈት የመጣው ሙቀት ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ነበረ፤ አጠገባችን የነበሩ አንድ የጋምቤላ ሽማግሌ ካፖርታችንን አይተው በትሕትና ፈገግ አሉ። በዚያ አገር በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ።

ከጋምቤላ ከተማ እስከ አቦቦ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአይሮፕላን ማረፊያውም ከከተማው በስተ ደቡብ፤ አቦቦ ወዳለበት ወገን ስለ ሆነ ከዚህ ያንሳል። ነገር ግን መኪናው ሰው እስኪሞላ ቈየ፤ ከተነሣም በኋላ ጎማው ፈነዳ፤ መለዋወጫው ደግሞ ነፋስ አልነበረውም። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጠብቅ የአኙዋ ሴቶች በራሳቸው ዕቃ ተሸክመው ቀጥ ብለው እየሄዱ አለፉን። 475 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ሲፈጅ ይህች ቍራጭ መንገድ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀችብን። እኅታችን ቤት ስንደርስ ልክ ቀትር፤ 6 ሰዓት ነበር።

ስለ መገናኘታችን አንጽፍም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልተያዩ እኅትና ወንድም እንዴት እንደሚሆኑ አንባቢው ያውቀዋል። ስንለይ የአምስት ዓመት ልጅ ስለ ነበርን ፊቷን አናስታውሰውም ነበር፤ ነገር ግን ከጐጆው ወጥታ ስትመጣ እናታችን የመጣች መሰለን። ልቅሶው ጋብ ካለ በኋላ ቡና ተፈላ። ጎረቤቷ የሆነች አንዲት የአኙዋ ሴት ከግድቡ ሐይቅ የተያዘ ዓሣ ይዛ መጥታ ተቀመጠች፤ እኅታችንም በእነርሱ ቋንቋ ስታነጋግራት ሰምተን ተደነቅን። ያ ዓሣ በበርበሬና በሽንኵርት ተሠርቶ ቀረበልን፤ ወሎዬ እጅ ያረፈበት መሆኑ ይታወቃል።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ እኅታችን «ለመሆኑ ከቤትህ እስከዚህ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» ብላ ጠየቀችን።

ቀላል ጥያቄ ነበረ። ነገር ግን «አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ» ለማለት አንደበታችን እንቢ አለ። ስለዚህ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት ከቤታችን መውጣታችንን፤ በቦሌ መቈየታችንን፤ የጎማውን መፈንዳት፤ ከዛፍ ሥር መቀመጣችንን አንድ በአንድ ተረክንና በጠቅላላው ስምንት ሰዓት እንደ ፈጀብን ነገርናት። እኅታችን ራስዋን ነቅንቃ «በአይሮፕላንም እንዲህ ከሆነ እማዬ እንዴት ትችለው ኖሯል! እንኳን ሳታንገላታት ቀረህ፤ ወንድምዓለም» አለች።

የተናገርነውን እንደ መዝገብ ብንመረምረው ሐሰት የለበትም፤ የተነሣንበት ሰዓት ልክ ነው፤ የደረስንበትም ልክ ነው። ነገር ግን ምስክር ሆኖ ቀርቦ አንድም ሐሰት ሳይናገር ዳኛውን የሚያሳስት ሰው በሥራችን ብዙ ጊዜ አይተናል፤ እንዲህ ያለውንም ሰው ስንንቅ ኖረናል። ቡናውን ጠጥተን ዝም አልን።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትበርድ ወደ ግድቡ ይዛን ሄደች። የአልዌሮ ግድብ በአፈር የተሠራ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፤ የሚይዘው ውሃ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። የታሰበውም 10,000 ሄክታር ያህል መሬት ለማጠጣት ነበር፤ ነገር ግን ውሃው ከተከተረ በኋላ ለብዙ ዓመታት መሬቱ ሳይጠጣ ቈየ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው ሰፊ የሩዝ እርሻ ተጀመረ። ወንዙ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ውሃውም ከሌሎች ወንዞች ጋር ወደ ሶባት ገብቶ በነጭ ዓባይ ካርቱም ይደርሳል። ስንት ቀን እንደሚፈጅበት የሚጠይቀው የለም። በግድቡ ላይ ቆመን ስናይ ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሏል፤ ልጆች መረብ ይጥላሉ፤ ወዲያ ማዶ ነጫጭ ወፎች ይታያሉ።

እኅታችን በአፈሩ ላይ ቆማ «ይህ አፈር የእርሱ ላብ አለበት» አለች፤ ባሏን ማለቷ ነው። ከዚያም ተቀምጠን ሳለ ስለ አይሮፕላን የሚያስረዳት እውቀት ያለን መስሎን ክንፉንና ሞተሩን እንገልጽላት ጀመርን። አቋረጠችን። «እኔ ካንተ በፊት በርሬያለሁ» አለች።

በእርግጥም በ1977 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት ለሰፈራው ሥራ የጭነት መኪኖችና አንቶኖቭ የሚባሉ አይሮፕላኖች ልኮ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብበን ሳለ እኅታችን በውስጡ ትኖራለች ብለን አስበን አናውቅም። በመጀመሪያ በመኪና፤ ከዚያ በአይሮፕላን፤ ከዚያም በአውቶቡስ ተጭነው እንደ መጡ ነገረችን። ወንበር አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ እንደ ከረጢት ተጠጋግቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ውጭውን አላዩም፤ ጆሮ ይደነቍራል። «ስንት ሰዓት በረራችሁ?» ብለን ጠየቅናት። ሰዓት ያለው ሰው እንዳልነበረ ነገረችን። «ልጄ ሲነሣ ማልቀስ ጀመረ፤ አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ሲጠፋ አረፍን፤ ይህን ያህል ነው» አለች።

ያ ልጅ በአቦቦ በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞተ። ይህን በደብዳቤ ነግራን አታውቅም ነበር፤ ለእናታችንም አልነገረቻትም። የተቀበረበትን ስፍራ ከግድቡ ላይ ሆና በእጇ አሳየችን፤ ዛፎች ብቻ ይታዩ ነበር። ቀጥላም እናታችን ስትሞት ምን ምን እንደ ተናገረች፤ ምን እንደ በላች፤ ማን ከራስጌዋ እንደ ነበረ ጠየቀችን። የምናውቀውን ሁሉ ነገርናት። ከአዲስ አበባ ስትመለስ «ከራቀስ ይቅር» ማለቷን ግን አልነገርናትም።

አምስት ቀን ተቀመጥን። በአራተኛው ቀን እኅታችን ልብሷን በፌስታል አሥራ አየናት። የእናታችንን መቃብር ሳታይ እንዳትሞት፤ እኛም ከመጣን ዘንድ አብራን እንድትሄድ መወሰኗን ነገረችን። ልጆቿ ደስ አላቸው። እኛም ደስ አለን፤ ቲኬቷንም ገዛን። ቲኬቱን ስንገዛ ያ የስምንት ሰዓት ነገር አልታወሰንም ብንል ሐሰት ይሆናል። በመኪና እንሂድ ለማለት ለአንድ አፍታ ያህል ቃጥቶናል፤ ምክንያትም አዘጋጅተን ነበር፤ አገሩን እያየሽ ትሄጃለሽ ልንላት። ነገር ግን ስድሳ ዓመት ያለፋትን ሴት ሁለት ቀን በአውቶቡስ አንገላትተን ውሸታችንን ለማዳን ልባችን አልፈቀደም።

በአይሮፕላኑ ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጥናት። ወንበሩን በእጇ ዳሰሰችው፤ ቀበቶውን ስናስርላት እንደ ሕፃን ዝም ብላ ታዘዘች። ሲነሣ ዐይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ገልጣ ወደ ታች ማየት ጀመረች። ደኑን አየች፤ ደጋውን አየች። አንድ ጊዜ ብቻ «ያን ጊዜ በዚህ ነው ያለፍነው?» አለች፤ እኛም ምናልባት በዚህ ሊሆን ይችላል አልናት። ውሃ ሲሰጧት ተቀብላ ግማሹን ጠጣች፤ ግማሹን ምን እንደምታደርገው ጨንቋት ይዛው ቈየች። ብርጭቆውን መልሰው ሳይወስዱት አይሮፕላኑ መውረድ ጀመረ።

ቦሌ ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ሲነሣ እኅታችን አልተነሣችም። «የት ነው?» አለች። አዲስ አበባ መድረሳችንን ነገርናት። ወደ ውጭ አየች፤ ከዚያም ወደ እኛ ዘወር ብላ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችን።

በእጃችን ላይ ያለውን ሰዓት እርሷም ታየዋለች። ከተነሣንበት እስከ ቆምንበት አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ መሆኑን ነገርናት።

ምንም አላለችም። በመንገዱ ያለፈው ሰው ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ እጆቿን በጕልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የአይሮፕላኑ አስተናጋጅ መጥታ «እናቴ፤ ልርዳዎት?» አለቻት። እኅታችን ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቀበቶውንም ራሷ ፈታችው።

«በል ዕቃውን ያዝልኝ» አለችን፤ ቀድማንም ወረደች።